ሲ ከማን እንደምትበደር

ሰላም እህቴ። «አዋቂ ተማሪዎቼ ሲ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ ክ፣ አንዴ ስ ስላቸው ይበሳጫሉ፤ እንዴት ላስረዳቸው?» ብለሻል። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ማታ ማታ አዋቂዎችን ሳስተምር አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የገጠመኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የሕፃናት ቻርት ለጥፌ፣ ድመቷን እያሳየሁ «ካት፣ ካት» አስባልኳቸው። ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አባት «ልጄ፣ ድመትማ እኔም ቤት አለች» ብለው ሳቁ። ከሳምንት በኋላ ግን አልመጡም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምላሳቸው አይቸገርም፤ ሁለቱም ድምፅ አማርኛችን ውስጥ አለ። ግራ የሚገባቸው ሲያነቡ ነው። በእኛ ፊደል «ለ» ስሟም ለ፣ ድምፅዋም ለ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ስምና ድምፅ ይለያያል። እኔ «ስሙ ደስታ የሆነ ሰው ሁሉ ሲስቅ ይውላል እንዴ?» እላቸዋለሁ። ይገባቸዋል።

ከዚያ ሲ የራሷ ድምፅ የሌላት ተበዳሪ ናት እላለሁ። ወይ ከኬ ትበደራለች፣ ወይ ከኤስ። ከማን እንደምትበደር ለማወቅ ከኋላዋ ያለችውን ፊደል ማየት ነው። ኢ፣ አይ ወይም ዋይ ከተከተለቻት ስ ትላለች። ሌላ ከተከተላት፣ ወይም ቃሉ በእሷ ካለቀ፣ ክ ነው። ሦስቱን ፊደላት ሰሌዳው ጥግ ላይ በቀይ ጻፊና ለወር ያህል አታጥፊያቸው። ድምፁን ስታሰሚም በሳድስ ይሁን፤ «ከ» ካልሽ «ክለብ» የሚለውን «ከለብ» ብለው ያነቡልሻል።

ምሳሌውን ከኑሯቸው አምጪ። የእኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ ግንባታ ላይ ይውላሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለችው ሲ ኢ ስለተከተላት ስ ናት። የሴራሚክ ካርቶን ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ፦ መጀመሪያዋ ስ፣ መጨረሻዋ ክ። ለወጣቶቹ ኳስ ይበልጣል። ክሪስታል ፓላስን ጻፊላቸው። የፊተኛዋ ሲ ክ፣ የኋለኛዋ ስ። ኒውካስልን አስከትዪ፣ ከዚያ ማንቸስተር ሲቲን። (ሌስተርን አትንኪ! እኔ ነክቼ ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። አጻጻፉና አነባበቡ ጭራሽ አይተዋወቁም።)

የቤት ሥራ በወረቀት አልሰጥም። ታክሲ ላይ ሆነው ከየማስታወቂያው ሲ ያለበትን ቃል ለቅመው ይመጣሉ። ጉሊት የሚነግዱ አንዲት እናት «ፋርማሲ»ን ይዘው መጥተው፣ ሳልጠይቃቸው «ከኋላዋ ዋይ አለች፣ ስለዚህ ስ» አሉ። ያን ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

እንደ ሶከር ያሉትን አፈንጋጮች ለጊዜው እለፊያቸው። ሲና ኤች ተጣምረው የሚያወጡትንም እንዲሁ። አንዱ «ማንቸስተርስ ላይ?» ማለቱ አይቀርም። እኔ «እዚያ ከኤች ጋር ተጋብታ ነው፤ ሰርጉን በሚቀጥለው ወር እናያለን» ብዬ አልፋለሁ።