ብሎግ ከመክፈትህ በፊት የፖስታ ሳጥን ፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፤ የፊኒሺንግ ሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን በብሎግ እየጻፍኩ ገቢ ላገኝ እችላለሁ?» ነው ያልከው። ትችላለህ። እኔም ከአንተ ሩቅ አይደለሁም፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። መጻፍ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብሎግ እንዴት እንደሚከፈት አልነግርህም፤ እሱን ከዩቲዩብ በአንድ ምሽት ትማረዋለህ። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርህ።

1. ቋንቋህን ቀድመህ ወስን። እኔ በአማርኛ ጀመርኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በስልኬ እየጻፍኩ ሃያ ጽሑፍ ሞላሁ። ከዚያ በገጽህ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ ገንዘብ ለሚያካፍለው ለጉግል አድሴንስ አመለከትኩ። ቋንቋው አይደገፍም የሚል መልስ መጣ። የሚደገፉት ቋንቋዎች ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው፤ አማርኛ አልነበረበትም። አንድ ቀን ገብቼ ባየው ኖሮ ሦስት ወር አልደክምም ነበር። ሁለተኛ ብሎግ በእንግሊዝኛ ከፈትኩና በእሱ ተቀበሉኝ። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ስለ ሽቦና ብሬከር ለመጻፍ ግን በቂ ነው። አማርኛውን አልዘጋሁትም፤ ምክንያቱን ወደታች ታገኘዋለህ።

2. አድራሻ። እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብ፣ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። የአድሴንስ ገቢህ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻህን ለማረጋገጥ የሚስጥር ቁጥር ይልኩልሃል። በኢሜል አይደለም፣ በስልክም አይደለም። በወረቀት፣ በፖስታ ነው የሚልኩት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። እኔ አድራሻ ሙላ ሲሉኝ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም» ብዬ የብሎክና የቤት ቁጥሬን ጻፍኩ። ለሰው የምናገረው አድራሻ እሱ ነዋ! ግን ደብዳቤ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚመጣልኝ ማን አለ? እኛ ጋ ደብዳቤ የሚገባው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳጥን የለኝም።

አንድ ወር ጠበቅኩ። የብሎካችንን ጥበቃ ጠዋት ስወጣ «ጋሼ፣ በስሜ የመጣ ነገር አለ?» እላቸዋለሁ፤ ማታም እንዲሁ። በመጨረሻ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ድጋሚ አስላክሁ፣ በዚያው አድራሻ። ሌላ ሁለት ጊዜም ጨመርኩ፣ አሁንም በዚያው አድራሻ። ድጋሚ ማስላክ የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ባልተስተካከለ አድራሻ ጨረስኩ። በ4 ወር ውስጥ ቁጥሩን ካላስገባህ ደግሞ ማስታወቂያው ይቆማል። የኔም ቆመ። ሰው እየገባ ያነባል፣ ማስታወቂያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ በሰነድ አረጋገጥኩ፤ በሰነዱ ላይ ያለው ስምና አድራሻ ከሞላሁት ጋር አንድ እስኪሆን ሌላ ሁለት ወር ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግማሽ ዓመት በአንድ መስመር ጽሑፍ አጣሁ።

3. ስምህን በባንክ ደብተርህ ላይ እንዳለው፣ እስከ አያት፣ በእንግሊዝኛውም ፊደል በፊደል ጻፍ። እኔ የራሴንና የአባቴን ብቻ ነበር የሞላሁት። ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ በሚቀጥለው ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይልኩታል። ላኩ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት ስለነበር 5,500 ብር ገደማ ነው። ባንክ ስሄድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ይሄ ያንተ አይደለም» አለችኝ። ሥራዬን ጥዬ፣ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር፣ አራት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ ኃላፊ ሰው በተሰለፈበት «ኢንተርኔት ላይ ምን ሠርተህ ነው ዶላር የሚላክልህ?» አለኝ። ሌባ የያዘ ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስልኬን አውጥቼ የጻፍኩትን አንድ በአንድ አሳየሁት። ዝም አለ። ገንዘቡ ግን ወደመጣበት ተመለሰና ስሜን አስተካክዬ በሚቀጥለው ወር ተቀበልኩ። የመጀመሪያዋን ክፍያ ለእናቴ ነው የሰጠኋት።

4. አማርኛውን ያልዘጋሁበት ምክንያት። «የእንጀራ ምጣድ ስንት ካሬ ሽቦ ይፈልጋል?» የሚል ጽሑፍ ነበረኝ፤ ካሬ የምንለው የሽቦውን ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ከሶኬት መስመር አትቀጥለው፣ ከብሬከር ቦርዱ የራሱን መስመር በ4 ካሬ ሽቦ አውጣለት ብዬ ነው የጻፍኩት። የቀለጠ ሶኬት ፎቶም አለው፣ ከደንበኛ ቤት ያነሳሁት። ያቺን ጽሑፍ አንብበው ከኮዬ፣ ከገላን፣ ከአያት ሳይቀር ደወሉልኝ። ቀብዱን በቴሌብር ይልካሉ፣ ሄጄ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ከማስታወቂያ ያገኘሁት በሙሉ ለአንድ ባለ ሦስት መኝታ ቤት የሽቦ ዝርጋታ የሚከፈለኝን አይሆንም። እንጀራዬ የመጣው በአማርኛው በኩል ነው።

ስለዚህ አንተም ሰው ተጨንቆ የሚጠይቅህን ጻፍ። የላይኛው ቤት ሽንት ቤት ወደታችኛው ጣሪያ የሚያንጠባጥበው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላበት ነገር ነው። ለ10 ካሬ ሜትር ክፍል ስንት ካርቶን ሴራሚክ እንደሚገዛም ጻፍ። 60 በ60 የሆነው አራት የሚይዝ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል፤ ሰባት ካርቶን ልክ ይደርሳል፣ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ግን ስምንት ያስፈልጋል። አንተ ይሄን በቃልህ ነው የምታውቀው። ቤቱን ገና የተረከበ ሰው አያውቀውም።

የፖስታ ሳጥን ከሌለህ መሥሪያ ቤቱ ሳጥን ያለው ዘመድ ፈልግና ፈቃድ ጠይቅ፤ እኔም ዛሬ በአማቼ መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው የምጠቀመው። ቅጹን ሞልተህ ከመላክህ በፊት ስምህን እንዴት እንደጻፍከው በውስጥ መስመር አሳየኝ፣ ከባንክ ደብተርህ ጋር አብረን እናስተያየዋለን።