ሽቦው ይነሳ?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳች። አምስት ኪሎ ምሕንድስና ትማራለች። በፌስታል የያዘችውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። አሸዋ፣ ዝገትና አንድ አሮጌ የአሳ ማጥመጃ ሪል፤ ዘንጉ ላይ ታስሮ ክሩን የሚያጠነጥነው ማሽን። ከምናለሽ ተራ ነው የገዛችው።

«ጋሼ፣ ይሄን እንደ አዲስ ማድረግ ይቻላል? ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ልንሄድ ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ «ሴት ልጅና አሳ ማጥመድ ምን አገናኛቸው» የሚል ነበር። ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት። ሪሉን አንስቼ አገላበጥኩት። የማኖቬላው፣ ማለትም ሪሉን የሚያዞረው ክንድ፣ እጀታ ላይ የመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ያስጠላል። ልጅቷ በጥፍሯ እየነካካችው «መጀመሪያ ይሄ ሽቦ ይነሳ አይደል?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ያን ቀን ለሷ ያልነገርኳትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበርኩ። የአማርኛ ኦሊቬቲ ከነሆዱ አውቃለሁ። ዛሬ የጽሕፈት መኪና በእጁ የነካ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ! አንዳንዱን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይመታ ነበር፤ ታይፒስቶቹ ግን ከእናንተ አውራ ጣት ይፈጥኑ ነበር። ያደግሁት ሠራተኛ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከባለእጆቹ ነው፤ የመዶሻ ድምፅ ሳንሰማ ነግቶልን አያውቅም።

ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። የማልጠግነው ነገር ያለ አይመስለኝም። በሰፈሩ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። እሳቸው ሲመለሱ ሁለት የግራ እጅ ጣቶቻቸው እዚያው ቀሩ። ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ስለ አሳ ከተነሳ ግን አቦል ላይ ጀምረው በረካ ላይም አይጨርሱም።

እሁድ እሁድ ቆቃ ይወርዱ ነበር። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። «አባቴን ገድለው በአሳ ካሱኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ያኔ ሳቁን ብቻ ነበር የምሰማው።

ሪላቸው ሚቼል 300 ነበረች። አንድ የባቡር ሠራተኛ ፈረንሳዊ አገሩ ሲመለስ የሸጠላቸው። ሚቼል የሚሠራው ክሉዝ በሚባል የፈረንሳይ ከተማ ነበር፤ የሰዓት ሥራ አገር ነው። ክዳኗን ስከፍት ገባኝ። ጥርሶቿ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ይመስላሉ። አሁንም እንደዚያ የምወደው ማሽን የለም።

ክሩን የምትመልሰው የሽቦ ቅስት ሞላዋ ተሰብሮባቸው ነው ያመጡልኝ። «ሞላዋን ብቻ» አሉኝ። «ብቻ» ማለታቸውን ዛሬም እሰማዋለሁ። ያኔ አልሰማሁትም።

ማኖቬላዋ ላይ የፋብሪካው ትንሽ እጀታ አልነበረም። በምትኩ ከክር ማጠንጠኛ የተቀረጸ እንጨት ተሰክቶ፣ በሳይክል ከመነዳሪ ተጠቅልሏል። ጠማማ ነው። ላቡ ጠጥቶት ጠቁሯል። አየሁትና አፈርኩላቸው። ይቺን የመሰለች ማሽን በዚህ ጉድ ታበላሽ? ሞላዋን በአንድ ማታ ከብረት ሽቦ ጠምዝዤ ሠራሁ። እዚያ ላይ ብተው ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አልተውኩም። ሁለት ማታ ጨመርኩ። እንጨቱን ነቅዬ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ከሥራ ሰዓት ውጪ ቶርኖ ላይ የነሐስ እጀታ አወጣሁ፤ ልክ እንደ ፋብሪካው ትንሽ፣ ልክ እንደ ወርቅ የሚያበራ። ጥቁሩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አሉሚኒየሙን እንደ ብር አንቦገቦግሁት። እናቴ «ለማን ሰርግ ነው?» ብላኛለች።

ሃምሳ አለቃ ተቀበሉኝ። ሁለቴ አዞሯት። በሦስተኛው ዙር እጃቸው አመለጠ። «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለው አምስት ብር ሰጡኝ። በምርቃቱ ደረቴ ተነፋ።

በዓመቱ እኔም ቆቃ ወረድኩ። ሃምሳ አለቃ ዳር ላይ ቁጭ ብለው፣ ክሩን የቢራ ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው በእጅ ይጥላሉ። ያለ ሪል፣ ያለ ዘንግ። «ሪሏስ?» አልኳቸው። «እሷማ ቆንጆ ሆና የለ፤ ውሃ እንዳይነካት ብዬ ነው» አሉ። አያችሁ፣ ይሄንንም ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት! ስንት ዓመት ለጓደኞቼ አወራሁት።

እውነቱን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ቡና ሲያፈሉ። ሪሏ ቁም ሳጥን ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልላለች። «ይቺ ነሐስ እኮ ከመዳፉ ትሾልካለች» አሉኝ። «ያቺን እንጨት ስንት ማታ ነው ቁጭ ብሎ የቀረጻት።» ሚቼል 300 ማኖቬላዋ በግራ ነው። ቀኝ እጅ ዘንጉን ይወረውራል፣ ግራ ያጠነጥናል። እንደ ዛሬዎቹ ነቅለህ ወደ ቀኝ አታዞረውም፤ በቀኝ ለሚያጠነጥን 301 የምትባል ሌላ ሞዴል ነበረች። ሃምሳ አለቃ በሦስት ጣት መቆንጠጥ ስላቃታቸው በመዳፍ የሚገፋ እጀታ ፈጥረዋል። እኔ የእጃቸውን መልክ ነው ምድጃ ውስጥ የከተትኩት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ሦስት ማታ ደክመህባት ምን ልበልህ?»

ይሉኝታ። ሌላ እጀታ ሠራሁላቸው፤ ከወይራ እንጨት፣ በጥንቃቄ። አንድ እሁድ ይዘዋት ሄዱ፤ እኔን ላለማስከፋት። ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ተመለሱ። እጃቸው እንዴት እንደሚገፋ አይቼ አላውቅማ፤ በግምት ነው የሠራሁት።

እንግዲህ አሮጌ የማጥመጃ ዕቃ እናድሳለን ለምትሉ ጥቂት ነገር ልበል። ስለማጽዳቱ ብዙ አልጽፍም። ላምባ፣ የጥርስ ብሩሽና ትዕግሥት ነው፤ የመጨረሻው ምናለሽ ተራም አይገኝም። የደረቀ ግሪስ እንደ ሰም ይጠነክራል፤ በካቻቢቴ አትፈልፍሉት፣ ላምባ ውስጥ ይደር። ቪቴው ዝጎ እምቢ ካለ ኮምጣጤ ይረዳል፤ ለብረቱ ብቻ ነው፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የካቻቢቴው ምላስ ከቪቴው ስንጥቅ ጋር ልክ ይሁን፤ ካልሆነ በሞረድ አስተካክሉት። የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። አንድ የምቀናባችሁ ነገር ስልካችሁ ነው። እኔ ቪቴዎቹን ጋዜጣ ላይ በተርታ ስደረድር ድመት ትበትንብኝ ነበር። እናንተ በየደረጃው ፎቶ አንሱ።

ግን ቪዲዮ አይታችሁ አትጀምሩ። የዛሬ ልጆች የሃያ ደቂቃውን ሥራ በሁለት ደቂቃ አፍጥናችሁ ታዩና እጃችሁም እንደዚያ የሚፈጥን ይመስላችኋል። (ልጅቷ ይሄን ብነግራት በዚያው ስልክ የሪሉን የውስጥ ሥዕል አውጥታ አሳየችኝ። ጠቅሞኛል። ይሁን።)

የዘንጉን ቀለበቶች በጥጥ ፈትሹ። ጥጡን አሳልፋችሁ ጎትቱት፤ ከያዘው ስንጥቅ አለ፣ ክራችሁን ይበጥሰዋል። የላላውን ቀለበት በሐር ክር ወጥራችሁ አጥብቁና ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ሦስቴ ቀቡት። የተበላ የቡሽ መያዣ በወይን ጠርሙስ ቡሽ ይተካል። አሮጌውን ናይለን ጣሉት፤ ስንት ዓመት ፀሐይና ሙቀት ያየ ክር አይታመንም። አዲሱን የተጎነጎነ ክር በባዶው ሪል ላይ አትጠምጥሙ፤ ይንሸራተታል። ከሥሩ ትንሽ ናይለን ይቅደም።

ባለቤቱ በእጁ የሠራውን ነገር አትንኩ እያልኩ ነው መሰለኝ። ግን ዝም ብዬ ሳስበው እኔ ራሴ ቤቴ ያለውን ዘንግ ሦስቴ ቆርጬዋለሁ፤ የመጨረሻው ጫፍ ከሲዳማ የመጣ ቀርከሃ ነው። ማስተካከል ካላስፈለገ ሃምሳ አለቃስ ለምን ቀረጹ? ይሄን መልስ አልሰጠሁትም፤ እናንተው ጨርሱት።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ልጅቷ ሽቦውን መፍታት ጀምራ ነበር። «ቆይ» አልኳት። «ምናለሽ ተራ ተመለሽና ከማን ቤት እንደወጣ ጠይቂ።» በማግስቱ ደወለች። ሻጩ ፒያሳ ሲፈርስ ከወጣ ቁርጥራጭ ጋር በጆንያ እንደገዛው ነግሯታል። የማን እንደሆነ አያውቅም። ሽቦው ግን አንድ ጎኑ ተበልቶ ሳስቷል፤ አውራ ጣት ተኝቶበታል። አብረን አጠብነው፣ ዘይት ሰጠነው። ሽቦውን ተውነው። «እጄን ይልጠኛል ጋሼ» እያለች ሄደች።

ትናንት ከላንጋኖ ፎቶ ላከችልኝ። ሽቦው አለ። በላዩ ላይ ወይን ጠጅ የፀጉር ላስቲኳን አጥልቃበታለች። አሳ ግን ፎቶው ላይ የለም።