ስኩተርህን ቤት ውስጥ ለመጠገን ከዘይቱ ጀምር
የአዘዞው ወንድሜ፣ «ያገለገለ ስኩተር ገዛሁ፤ ለትንሹም ለትልቁም ጋራዥ መሮጥ ሰለቸኝ፣ ምን ምኑን ራሴ ልሥራ?» ላልከው፣ በኔ ይሁንብህ ከዘይት ጀምር።

ሞተሩን ትንሽ አሙቀህ አጥፋው፤ ዘይቱ ቀጥኖ በደንብ ይወርዳል። ከሥር ያለውን ቡሎን ስትፈታ ግን ልብ በል። በብዙዎቹ ባለ 125 ሲሲ የቻይና ስኩተሮች ስፕሪንግና ትንሽ ወንፊት አብረው ይወጣሉ። ካላስተዋልክ ከአሮጌው ዘይት ጋር ትደፋቸዋለህ! ወንፊቱን አጽዳና መልስ። ቡሎኑን ስታጠብቅ ጉልበትህን አታሳይ፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። የሚገባው ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ በመለኪያው ዘንግ እያየህ ጨምር። አሮጌውን ቦይ ውስጥ አትድፋ፣ አደራ።

ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጥላሸት ከያዘ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እይ። የበጋ አቧራ ይደፍነዋል፤ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ድሮም ቤንዚን ይበዛበታል።

በፍሬን ቀልድ የለም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርድ ስኩተር እንደ ባለ ማርሹ ሞተር በማርሽ አይያዝልህም፤ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ነው። የኋላው በሽቦ የሚሠራ ከሆነ ጎማው ጋ ያለውን ዳዶ በጥቂቱ አጥብቅ። ከዚያ ጎማውን በእጅህ አዙረው፤ ሳይነካካ መዞር አለበት። የፍሬኑ ሸራ ካለቀ ግን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፣ ቀይረው።

ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ቀበቶ፣ ለጊዜው ለመካኒክ ተውለት፤ ልዩ መፍቻ ይፈልጋል።