የኋላ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከመቀየሩ በፊት የሚፈተሸው

ሰላም ለጠያቂያችን። የመኪናዎ የኋላ ዝናብ መጥረጊያ መስታወቱ መሃል ላይ እንደቆመ መቅረቱን፣ ፊውዙ አለመቃጠሉን፣ ማብሪያውን ሲያበሩም ምንም ድምፅ አለመኖሩን ገልጸው ሞተሩን ልግዛ ወይ ብለዋል። የእኔ መልስ ገና አይግዙ የሚል ነው። በራሴ መኪና ላይ ይኸው ችግር ገጥሞኝ አዲስ ሞተር ገዝቼ ካሰርሁ በኋላ መጥረጊያው እንደ ቀድሞው ዝም ብሎኛል፤ ጥፋቱ ለካ ከሞተሩ ብዙም ሳይርቅ የተበጠሰ ሽቦ ኖሯል።

በመጀመሪያ መጥረጊያው የቆመው እየሠራ ሳለ እንደሆነ ወይስ እርስዎ ሲያጠፉት እንደሆነ ለማስታወስ ይሞክሩ። በብዙ መኪናዎች ወደ ሞተሩ ቢያንስ ሦስት ሽቦ ይገባል፦ አንዱ ማብሪያው ሲበራ ብቻ ኃይል የሚያመጣ፣ ሌላው ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ኃይል የማይለየው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ማሳ ነው። የሁለተኛው ሽቦ ሥራ ማብሪያው ከጠፋ በኋላ ሞተሩ ውስጥ ባለ መገናኛ በኩል ኃይል እየሰጠ መጥረጊያውን እስከ ማረፊያው ማድረስ ነው። ስለዚህ ሲበራ ደህና የሚሠራ፣ ሲጠፋ ግን በደረሰበት የሚቆም መጥረጊያ ብልሽቱ በዚህ መስመር ወይም በመገናኛው ላይ ነው፤ እየሠራ ሳለ ድንገት ከቆመና ከዚያ ወዲያ አልንቀሳቀስም ካለ ግን ዋናው የኃይል መስመር፣ ማሳው ወይም ሞተሩ ራሱ ይጠረጠራል። ምንም ድምፅ የለውም ስላሉ የእርስዎ የኋለኛው ዓይነት ይመስለኛል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ግን ትእዛዙ በኮምፒውተር በኩል ስለሚተላለፍ የመኪናውን የሽቦ ሥዕል ሳያዩ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ቀጥሎ የኋላውን በር ከፍተው የውስጥ ፕላስቲኩን ያውልቁና የሞተሩን ሶኬት ይንቀሉ። እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ፤ በአንዳንድ መኪናዎች በሩ ወይም ለብቻው የሚከፈተው መስታወት ክፍት ከሆነ መጥረጊያው ሆን ተብሎ እንዳይሠራ ተደርጓል። ስለዚህ በፍተሻው ጊዜ የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍተው እንደተዘጋ ያድርጉት፤ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት ግን መቆለፊያውን መልሰው መክፈት አይርሱ።

ለፍተሻው ቮልት የሚለካው ቴስተር ብቻ አይበቃም። ቴስተር የሚስበው ኃይል ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ፣ በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል፤ እኔንም ያሳተኝ ይኸው ነበር። የ21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ አስረው አንዱን ጫፍ በሶኬቱ የኃይል ቀዳዳ፣ ሌላውን በዚያው ሶኬት የማሳ ቀዳዳ ያስገቡና ማብሪያውን ያብሩ። ይህ አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ስለሚስብ ደካማውን መስመር ያጋልጠዋል። በደንብ ከበራ እስከ ሶኬቱ ድረስ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ካልበራ ወይም ከደበዘዘ፣ የማሳውን ጫፍ ብቻ ነቅለው ቀለም በሌለበት የቦዲ ብረት ላይ ያሳርፉት፤ ያን ጊዜ ቦግ ካለ የተበላሸው ማሳው ነው።

የሽቦው መበጠሻ አብዛኛውን ጊዜ ከጣራው ወደ በሩ በሚሻገረው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋሉና። ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ አላቀው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይጎትቱ። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ የተበጠሰው ሽቦ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ በእጅዎ ይታወቅዎታል። ሲጠግኑት በሚታጠፈው ቦታ ላይ አይቀጥሉት፤ ብየዳ የነካው ሽቦ ስለሚደርቅ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ይሰበራል። በምትኩ ከቱቦው ወዲያና ወዲህ የሚተርፍ ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ያስገቡና መቀጠያዎቹን ከመታጠፊያው ውጭ ያድርጓቸው።

አምፖሉ በደንብ ከበራና ሞተሩ ግን ዝም ካለ፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ኃይል ይስጡት። ከዞረ የሶኬቱ ጥርሶች ዝገው ወይም ላልተው ይሆናል። የሚዞረው በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ወደሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው ካርቦን አልቋል። ካጉረመረመ፣ ከጋለ ወይም ፊውዝ ካቃጠለ ግን ክንዱን የሚያዞረው ዘንግ ተጣብቋል፤ ውኃ ዘንጉ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ላስቲክ በኩል ሰርጎ የብረቱን ዘንግ ከአልሙኒየሙ ቤት ጋር አዝጎ ይይዘዋል። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ በዘንጉ መሃል በሚያልፍባቸው መኪናዎች ደግሞ የቱቦው መገጣጠሚያ ሲያፈስ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

መቀየር ግድ ከሆነ መጥረጊያው የሚያርፍበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። የእርስዎ መሃል ላይ ስለቀረ፣ የድሮ ፎቶ ወይም መስታወቱ ላይ ያለው የቆሻሻ መስመር ይረዳዎታል። የክንዱን ዳዶ ጥቂት ጥርስ እስኪቀረው ያላሉት እንጂ አያውጡት፤ ክንዱ በድንገት ሲላቀቅ እንዳይዘል ይይዝልዎታል። ክንዱ ሾጣጣ ጥርሶች ላይ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይወጣም። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ነፍተው ይጠብቁ፣ ከዚያም በትንሽ መጎተቻ ይሳቡት። መስታወቱን ተደግፎ በካቻቢቴ መፈንቀል ፈጽሞ አይገባም፤ የኋላ መስታወት በአብዛኛው በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ አንድ ቦታ ከተጎዳ ሙሉው ይበታተናል። የቀረው ቀላል ነው፤ የውጭውን ዳዶና ላስቲክ አውጥተው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት የሆኑትን የውስጥ ብሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ ይወጣል።

አዲሱን ሲያስሩ ክንዱን ከመግጠምዎ በፊት ሞተሩን ሶኬቱ ላይ ሰክተው ያብሩትና ያጥፉት፤ ዘንጉ ራሱ ማረፊያው ላይ ይቆማል። ክንዱን ከዚያ በኋላ በምልክቱ ይግጠሙት። ላስቲኩም አዲስ ይሁን። እኔ አሮጌውን ላስቲክ መልሼ በማሰሬ ያ ሳያስፈልግ የገዛሁት ሞተር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዘንጉ ተጣብቆ ቆመ። ፕላስቲኩን ከመመለስዎ በፊት በዘንጉ ዙሪያ ከውጭ ውኃ በቀስታ ያፍስሱና ከውስጥ በጣትዎ ይዳስሱ፤ እርጥበት ካገኙ ላስቲኩ በትክክል አልተቀመጠም።

አዲሱ ከቆመ በኋላ ተበላሽቷል ብዬ ጥግ የጣልሁትን የመጀመሪያውን ሞተር አንሥቼ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ዞረ። አዲስ ላስቲክ ገዝቼ መልሼ አሰርሁት፤ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው።