መልስ፦ ለጎጋን ከደሴቶቹ ማን መለሰለት?

ወንድሜ፣ «ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን የታሂቲን ሴቶች እንደዚያ ሲሥል፣ የፖሊኔዥያ (ታሂቲና ሳሞዋ ያሉበት የፓስፊክ ደሴቶች) ሰዎች ዝም አሉት?» ብለህ ጠይቀሃል። ዛሬስ ዝም አላሉም። እኔ ብሆን ከሠዓሊዋና ፎቶ አንሺዋ ዩኪ ኪሃራ እጀምራለሁ። የሳሞዋና የጃፓን ልጅ ናት፤ ፋአፋፊኔም ናት። ቃሉ «እንደ ሴት» ማለት ነው፤ ወንድ ተብለው ተወልደው በሴት ወግ የሚኖሩትን ሳሞዋዎች እንዲህ ይሏቸዋል።

በ2022 (በፈረንጆቹ) ጣሊያን በሚካሄደው ትልቁ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ፣ ኒውዚላንድን ወክላ «ፓራዳይዝ ካምፕ» የተባለ ሥራዋን አቀረበች። ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ይዛ ሳሞዋ ውስጥ ኡፖሉ ደሴት ላይ 12 ፎቶ አነሳች። የጎጋንን ሥዕሎች አቀማመጥ እንዳለ ወስዳ፣ በሴቶቹ ቦታ ፋአፋፊኔዎችን አቆመች። ለምሳሌ የ1899ኙን «ሁለት የታሂቲ ሴቶች» ከእሷ ፎቶ ጎን አድርገህ እየው።

እኔን ያሳቀኝ ግን ሌላው ነው። ፊቷ ላይ ሲሊኮን ለጥፋ፣ ጺም አብቅላ፣ ባርኔጣ ደፍታ ራሷ ጎጋንን ሆና ቁጭ! በቪዲዮው ደግሞ ፋአፋፊኔዎች እንደ ቶክሾው ተሰብስበው ሥዕሎቹን እያዩ ያሙታል። እሱ ሲያያቸው ኖሯል፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው።

ጎጋን ታሂቲ ሳለ ከ13 ዓመት ገደማ ልጃገረድ ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩንም አትርሳ። ሥዕሎቹን ሳይ ይህ ከአእምሮዬ አይጠፋም።