ኪሎ ቮልቱ ብቻ አያስደስታችሁ፦ ስለ ትራንስፎርመር ዘይት ጥያቄና መልስ

የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ቁጥር ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ትራንስፎርመሩን የሚያቀዘቅዘውና ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከለክለው ዘይት ብልጭታ ሳያሳልፍ ስንት ኪሎ ቮልት ቻለ? ቁጥሩን አልንቀውም። ነገር ግን የትራንስፎርመርን ዕድሜ የሚወስነው በጥቅል ሽቦዎቹ ላይ የተጠመጠመው ወረቀት ነው። ዘይት ይጣራል፣ ይለወጣል፤ ወረቀቱን ለመለወጥ ግን ትራንስፎርመሩን ፈቶ እንደገና መጠምጠም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዘይታችን 62 ኪሎ ቮልት ችሎ ፈተናውን አልፏል። ታዲያ የእርጥበትና የአሲድ ምርመራ ለምን ይጨመርብናል?

መልስ፦ የቮልቴጅ ፈተናው የሚያየው ጥቂት ነገር ስለሆነ ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ቮልቴጁ በሰከንድ 2 ኪሎ ቮልት ያህል እያደገ ይሄድና ብልጭታው የፈነዳበት ነጥብ ይመዘገባል፤ ይህ ስድስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ያልሟሟ ውሃና የወረቀት ክር መሰል ቅንጣት ካለ ወዲያው ይጋለጣል። በዘይቱ ውስጥ የሟሟው አሲድ ግን ከዚህ ፈተና በቀላሉ ያመልጣል።

አሲዱ የሚመጣው ዘይቱ በሙቀት ላይ ሆኖ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ነው፤ መዳቡም ነገሩን ያፋጥነዋል። አሲዱ ወረቀቱን ይበላል፤ ሲብስም ዝቃጭ ይፈጠርና የማቀዝቀዣውን መተላለፊያ ይደፍናል። ያን ጊዜ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ተጨማሪ አሲድ ይወልዳል። ልኬቱ በአንድ ግራም ዘይት ውስጥ ያለውን አሲድ ለማምከን የሚበቃው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊ ግራም ነው። አዲስ ዘይት ከ0.01 እምብዛም አያልፍም፤ 0.3 ካለፈ በየትኛውም የቮልቴጅ ደረጃ መጥፎ ነው፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ለሚሠሩት ደግሞ ገደቡ ከዚያም ያንሳል።

እርጥበትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሙቅ ዘይት ከቀዝቃዛ ዘይት ብዙ እጥፍ ውሃ ያሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ስለዚህ ናሙናው ሲወሰድ የነበረውን የዘይት ሙቀት ያልጻፈ የእርጥበት ውጤት ግማሽ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባውን አየር የሚያደርቀው የመተንፈሻው ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ጠጠር) ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ተለወጠ።

መልስ፦ እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል፤ ይለውጡት። አየር የሚገባው ከታች ስለሆነ ቀለሙም ከታች ጀምሮ መለወጥ አለበት። ከላይ ከጀመረ ግን ጄሉን ትተው የላይኛውን ማሸጊያ ይፈትሹ፤ እርጥብ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው። ሰማያዊው ዓይነት ለጤና የሚያሰጋ የኮባልት ውህድ ስላለበት በባዶ እጅ አይነካ።

ጥያቄ፦ በዘይቱ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ሲመረመር ጥቂት አሴቲሊን ተገኘ። ትራንስፎርመሩን እናጥፋ?

መልስ፦ መደንገጥዎ ተገቢ ነው። ዘይት ሲጎዳ የሚለቃቸው ጋዞች ጉዳቱን ይናገራሉ። ሃይድሮጅን ብቻውን ሲበዛ በአብዛኛው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ አለ ማለት ነው፤ ኤቲሊን ዘይቱን ክፉኛ ያጋለ ቦታ ያመለክታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨምር ወረቀቱም እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። አሴቲሊን በብዛት የሚፈጠረው ግን ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ቅስት (በዘይቱ ውስጥ ዘሎ የሚያልፍ ኃይለኛ ብልጭታ) ሥራ ነው።

ሆኖም ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ትራንስፎርመሩ ጭነት ላይ እያለ ቮልቴጅ የሚቀይር መሣሪያ አለው? እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ቅያሪ ቅስት መፈጠሩ የተለመደ ነው። መሣሪያው ያለበት ክፍል ማሸጊያ ካፈሰሰ ጋዙ ወደ ዋናው ታንክ ይገባና ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስለዋል። በታንኩ ላይ በቅርቡ ብየዳ ተደርጎ እንደሆነም ይጠይቁ።

ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሁለተኛ ናሙና ይላኩ። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ የዕድገቱ ፍጥነት ነው፤ ለዓመታት ባለበት የቆመ ትንሽ አሴቲሊን ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ እየጨመረ ከሆነ ግን ሦስተኛ ናሙና አይጠብቁ፤ ከአገልግሎት ያውጡት።

ጥያቄ፦ ሁለት ላቦራቶሪዎች የአንዱን ትራንስፎርመር ዘይት መርምረው የተለያየ ውጤት ሰጡን። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ላቦራቶሪዎቹን ከመክሰስዎ በፊት ናሙናውን የወሰደውን ሰው ያነጋግሩ። ቫልቩ ተጠርጎ በውስጡ የቆመው ዘይት አስቀድሞ ፈስሷል? ዝናብ ነበር? ዕቃው ደረቅ ነበር? ለጋዝ ምርመራ የሚላከው ደግሞ አየር በማያስገባ የመስታወት ሲሪንጅ መሆን አለበት። በውሃ ጠርሙስ የተላከ ናሙና አይቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለው መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ጠቁሯል። ሙሉ በሙሉ ብንለውጠው አይሻልም?

መልስ፦ ቀለም ብቻውን አይፈርድም። ችግሩ ውሃና ቅንጣት ከሆነ በቫኩም ማጣራት ይበቃል። አሲድ ከሆነ ግን ተራ ማጣሪያ አያወጣውም፤ አሲድ በሚመጥ ሸክላ ውስጥ እያሳለፉ ማደስ ያስፈልጋል። መለወጥም ቢሆን አሮጌውን ጠራርጎ አያወጣም፤ ከዘይቱ አንድ አስረኛ የሚያህለው በወረቀቱ ውስጥ ይቀርና አዲሱን መበከል ይጀምራል። ደግሞም ጋዞቹና የወረቀቱን እርጅና የሚያሳዩት ፉራን የተባሉ ውህዶች ከአሮጌው ዘይት ጋር ይሄዳሉ። ከመለወጥዎ በፊት የመጨረሻ ናሙና አስመርምረው ውጤቱን በፋይል ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ከጣልነው አሮጌ ትራንስፎርመር የወጣውን ዘይት ለእንጨት ቅባት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። እንስጥ?

መልስ፦ ፒሲቢ (በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኝ ክሎሪን ያለበት መርዛማ ኬሚካል) መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ አንድ ሊትር እንኳ አይውጣ። ይህ ኬሚካል በሰውነት ስብ ውስጥ የሚከማች፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 ክፍል) በላይ ፒሲቢ ያለበትን ዘይት እስከ 2028 እ.ኤ.አ. አደጋ በማያደርስ መንገድ ለማስወገድ ቀነ ገደብ አስቀምጧል። በስም ሰሌዳው ላይ የማዕድን ዘይት ተብሎ መጻፉም አያድንም፤ ብዙ ንጹሕ ትራንስፎርመሮች የተበከሉት ሌላውን ባጣራ ማሽንና ቱቦ ነው። በክሎሪን መለያ ፈጣን ፈተና ይጀምሩ፤ ክሎሪን ካሳየ ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ። እስከዚያው በርሜሉን አሽገው ምልክት ያድርጉበት።