ከመድረክ ለወረደ ተናጋሪ ምን ይባላል?

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ጓደኛዬ አነቃቂ ንግግር ያደርጋል፤ ጉድለቱን ብነግረው ይቀየመኛል፣ ዝም ብል ደግሞ አይታረምም፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጥቶ ተናገረ። ድምፁ ያማረ፣ የአዳራሹን ቀልብ መያዝ የሚችል ልጅ ነበር። ነገር ግን ማይክሮፎኑን ከከንፈሩ ጋር ስላጣበቀው ቃላቱ ይፈነዱ ነበር፤ «ከጎንህ ላለው ሰው ትችላለህ በለው» እያለ የራሱን ሐሳብ ደጋግሞ ያቋርጣል፤ ከታዳሚው ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ አማርኛውን ያለ ፋታ ያስሮጠዋል። ከሁሉ የከፋው ግን አበበ ቢቂላ ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ፣ ስለዚህም «ፍላጎት ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም» ማለቱ ነው።

ይህን ጊዜ ከፊት የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው ማይክሮፎኑን ተቀበሉትና «ያላነበብከውን አታውራ፤ ውረድ» አሉት። ተማሪዎቹ ሳቁ። ልጁ ወረቀቱን ሲያጣጥፍ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሰውየው ስለ ታሪኩ ልክ ነበሩ፤ አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥን ስለለመደ ነው፤ ከድሉም በስተጀርባ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የተደረገ ብርቱ ልምምድ ነበረ።

ከስብሰባው በኋላ ልጁን ቡና ጋብዤ አበበ ቶኪዮ ላይ ያደረገውን አጫወትኩት፤ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማሸነፉን። ይህ ታሪክ ማጋነን አያስፈልገውም አልኩት። ልጁም ጻፈው፤ ስለ ማይክሮፎኑና ስለ ፍጥነቱም ራሱ ጠይቆኝ ተቀበለ። ውርደቱን ግን ማንም ሊያወጣለት አልቻለም፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ እንዳልወጣ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ እንደዋዛ ባከነ።

ስለዚህ መጀመሪያ አስተያየት መስማት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት፤ ለብቻው ስታገኙትም ዓረፍተ ነገሩን ለይታችሁ ንገሩት። «አሪፍ ነበር» ማለት አስተያየት አይደለም። የእናንተ ትውልድ በስልኩ ላይ ሙገሳና ስድብ ብቻ መጻፍ ለምዷል፤ በመካከላቸው ያለው ሥራ ተረስቷል። ስለ አነጋገሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አታንሡበት፤ ስለ ይዘቱ ግን «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅን አትለፉ። የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ እንጠቀማለን የሚለውን ሐሰት ስንት ተናጋሪ እንደሚደጋግመው፣ የጤና መምህር ሆኜ ስሰማው ያመኛል።

ለብቻው ንገሩት ብያለሁ፤ ሆኖም ተናጋሪው «እምነት ካለህ መድኃኒት አያስፈልግህም» ካለ እዚያው እጃችሁን አውጡና በአክብሮት አርሙት። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ መድኃኒቱን ለማቆም የሚወስን ታማሚ ሊኖር ይችላል፣ እርማቱንም መስማት ያለበት ከአዳራሹ ሳይወጣ ነው።